በሊሾው ላይ የታተመው ዱካ

ፊታውራሪ ወንድይራድ የአዳራሻቸውን ወለል በሲሚንቶ ሊሾ ሊያሠሩ አንድ ምላሱ የማያርፍ ግንበኛ አስጠሩ። ገና ሥራው ሳይጀመር፣ «ጫማ ያደረገ እግር ይህን ደፍ እንዳያልፍ! ሁላችሁም ጫማችሁን ደጅ ደርድሩ!» ብለው አዘዙ። አሽከሮቹም፣ አጋፋሪውም፣ ግንበኛውም ባዶ እግራቸውን ሆኑ።

ግንበኛው ሦስት ቀን በጉልበቱ እየዳኸ ወለሉን መስታወት አስመሰለው። በማግሥቱ ጧት መጥቶ ቢያይ፣ ባልደረቀው ሊሾ ላይ ተረከዙ የጠለቀ የጫማ ዱካ ከደፉ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ደርሶ ተመልሷል።

ፊታውራሪ ይህን ሲሰሙ ጫማቸውን ቋ ቋ እያደረጉ መጡ። የቤቱን ሰው ሁሉ ደጅ ሰብስበው ከዘራቸውን በግንበኛው ላይ ቀሰሩ።

«ይህን ያበላሸው ማነው? ስሙን ካልጠራህ ያበላሸኸው አንተ ነህና ሠላሳ ትገረፋለህ። በሐሰት የሰው ስም ካነሣህ ግን ስድሳ!»

ሐሰቱን ከእውነቱ የሚለዩት ፊታውራሪ ራሳቸው ናቸው። አሽከሮቹ ይህን ስለሚያውቁ ሁሉም ዐይናቸውን ሰበሩ።

ግንበኛው ዱካውን ትክ ብሎ አየና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔ እንግዳ ነኝ፤ የቤቱን ሰው በስም አላውቅም። ስም ከምጠራ፣ በትእዛዝዎ ደጅ የተደረደረውን ጫማ አንድ በአንድ ከዱካው ጋር እናስተያየው። ከዚያ ሁሉ አንዱም ካልገጠመ የሚቀረው ትንሽ ነገር ነው፤ ጌታዬ አንድ ጊዜ ዝቅ ብለው እግርዎን ይመልከቱ።»