ቆስጣ ጠባቂዋ ዶሮ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ካላችሁ ስሙኝ።

ድሮ፣ እንስሳውም አትክልቱም አፍ በነበረው ዘመን፣ ወይዘሮ ትሁኔ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ከጓሯቸው ቆስጣ ዘሩ። ዘርተው እንደጨረሱም ወደ ገብስማዋ ዶሯቸው ዞር አሉ።

«የአምናውን ዘር ጭረሽ የጨረስሽው አንቺ ነሽ» አሏት። «ዘንድሮ ከቆስጣዬ አንዲት ቅጠል ብትጎድል፣ ማንም ይብላው ማን፣ የምትታረጂው አንቺ ነሽ።»

ዶሮዋ ክፉኛ ደነገጠች። ግን ብልጥ ነኝ ባይ ናትና ቀን ቆጠረች። ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ይገባል፤ በጾም ደግሞ ዶሮ የሚያርድ የለም። እስከዚያ ቆስጣውን ከጠበቅሁ ተረፍኩ አለች።

መጀመሪያ ርግብ ዘሩን ልትለቅም መጣች። ዶሮዋ ዘሩ በሚጥሚጣ ታሽቷል አለቻት፤ እኔስ ሳልነካው የምውል በጤናዬ ይመስልሻል ብላ ጠየቀቻት። ርግብም ዶሮ እህል አይታ ካለፈችማ ነገር አለው ብላ በረረች።

ቅጠሉ ብቅ ሲል ጥንቸል መጣች። ዶሮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የቤቱ ውሻ ከቆስጣው መደብ ጀርባ ተኝቷልና እንዳትቀሰቅሺው አለቻት። ጥንቸል እግሬ አውጪኝ አለች።

በጥቅምት ማለቂያ ውርጭ መጣ። ውርጭ ደግሞ በወሬ ብቻ አይመለስም። ዶሮዋ ግን ቀድማ ጭድ ጭራ ጭራ ቆስጣውን አልብሳው ነበር። ውርጭ ቆስጣው የት ሄደ ቢላት፣ ተቀጥፎ አለቀ አለችው።

«መቼ?»

«አንተ ስትዘገይ።»

ውርጭ አፍሮ ተመለሰ።

ጾሙ ገባ። ወይዘሮ ትሁኔ ቆስጣውን ከዳር ከዳር ይቀጥፋሉ፤ ልቡን አይነኩም፤ እሱም መልሶ ያቆጠቁጣል። ደስ ስላላቸው ለዶሮዋ በየቀኑ እፍኝ ስንዴ ይበትኑላት ጀመር። ዶሮዋ ወፈረች። በመደቡ ላይ እየተንጎራደደች፣ ቢላን ያሞኘሁ እኔ ነኝ እያለች ትፎክር ጀመር።

ቆስጣው ሲሰማት ቆየና፣ «እሜቴ፣ ለመሆኑ ጾሙ የሚፈታው መቼ ነው?» አላት።

«ደግሞ ይፈታል እንዴ?» አለች ዶሮዋ።

«ለገና ነዋ። ስንዴው ለምን ይመስልሻል? እኔስ ቢቀጥፉኝ መልሼ እበቅላለሁ። ያንቺ አንገት ግን ሁለተኛ አይበቅልም።»

ዶሮዋ የጎረሰችውን ስንዴ ተፍታ፣ እንደገና ቀን መቁጠር ጀመረች።

እኔ ተረቴን ሰጠሁ፤ እናንተ ምሳዬን ስጡኝ። የጾም መግቢያ የቆጠረ፣ መውጫውንም ይቁጠር።