ከዕቃ ቤት አልወጣ ያለው ገመድ

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ። ነገሩ የሆነው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀይ በር በሚባል ሰፈር፣ በልጆች ክበብ ግቢ ውስጥ ነው።

ምንታምር የምትባል የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ክበቡን በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗታል። ብርቱካናማ ሰደርያ ተሰጥቷታል፤ ጀርባው ላይ «የነገ መሪ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሥራዋ ግን ወንበር መደርደር፣ ወንበር ማንሳት፣ በመሀል ደግሞ ልጆቹን «ቁጭ በሉ፣ ዝም በሉ» ማለት ነበር። ልጆቹ ቁጭ ብለው፣ ዝም ብለው፣ የትልልቅ ሰዎች ንግግር ሰምተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ከሄዱት ውስጥ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመለሱት እያነሱ መጡ። አርባ የነበሩት ሃያ ሆኑ፤ ሃያዎቹ ዘጠኝ ሆኑ። እንዲህ ከቀጠለ አዳራሹ የእህል ማከማቻ ይሆናል ተብሎ ተወራ።

ምንታምር ይህን ስትሰማ ከጓደኛዋ ከባሮክ ጋር ቤት ለቤት ዞራ «ቅዳሜ ገመድ እንዘላለን» ስትል ለልጆቹ ቃል ገባች። ቅዳሜ ሲደርስ ሠላሳ አንድ ልጆች መጡ። እሷ የምትፈልገው እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረጅም ገመድ።

ባሮክን ልጆቹ ዘንድ ትታ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች። ዕቃ ጠባቂው ጋሽ ደምሰው በሩን በጀርባቸው ተደግፈው ራዲዮ ያዳምጣሉ።

«ጋሽ ደምሰው፣ ገመዱን ይስጡኝ። ልጆቹ ሊዘሉበት ነው።»

«ገመዱማ አለ» አሉ። «አዲስ ነው፤ ከነላስቲኩ ነው ያለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም።»

«ለልጆቹ አይደል የተገዛው?»

«ለልጆቹ ነው እንጂ። ለዚህ እኮ ነው ደህና አድርጌ የያዝኩት። ከአልጋነሽ ወረቀት ካላመጣሽ አልከፍትም።»

ጋሽ ደምሰው አልከፍትም አሉ፤ ገመዱም አልወጣም አለ።

ምንታምር ወደ ክበቡ አስተባባሪ ወደ እትዬ አልጋነሽ ቢሮ ሮጠች። እትዬ አልጋነሽ «የወጣቶች ተሳትፎ» የሚል ሪፖርት እየጻፉ ነበር።

«እትዬ አልጋነሽ፣ ጋሽ ደምሰው አልከፍትም አሉ፤ ገመዱም አልወጣም አለ። አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ።»

«የኔ ቆንጆ፣ ልጆቹን አንቺው ልትመሪያቸው ነው?» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «እኔ ሁልጊዜ የምለው ይህንኑ ነው። ወጣቶች ራሳቸው ይምሩ እላለሁ። እንዲያውም አሁን ሪፖርቱ ላይ አስገባዋለሁ።»

«ወረቀቱስ?»

«እሱማ ሊቀመንበሩ ካልፈረሙ አልጽፍም።»

እትዬ አልጋነሽ አልጽፍም አሉ፤ ጋሽ ደምሰው አልከፍትም አሉ፤ ገመዱም አልወጣም አለ።

ሊቀመንበሩ አቶ ጥሩነህ የተገኙት ፀጉር ቤት ነው። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፤ ግማሹ ገና አረፋ ነው።

«አቶ ጥሩነህ፣ እትዬ አልጋነሽ አልጽፍም አሉ፤ ጋሽ ደምሰው አልከፍትም አሉ፤ ገመዱም አልወጣም አለ። እባክዎ ይፈርሙልኝ።»

አቶ ጥሩነህ በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት። «ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አስራ ስድስት።»

«ጎበዝ። በእናንተ ዕድሜ ባሉ ልጆች ላይ እኔ ሙሉ እምነት አለኝ። ግን አንዱ ወድቆ ጉልበቱ ቢላጥ ማን ይጠየቃል? ኃላፊነት የሚወስድ አዋቂ አጠገብሽ ካልቆመ አልፈርምም።»

«እርስዎ ቢቆሙልኝስ?»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንስቶ መልሳቸውን ጠበቀ።

«እኔ ስብሰባ አለብኝ» አሉ አቶ ጥሩነህ። «ልጆቹ ከክበቡ ለምን እንደቀሩ ልንወያይ ነው።»

አቶ ጥሩነህ አልፈርምም አሉ፤ እትዬ አልጋነሽ አልጽፍም አሉ፤ ጋሽ ደምሰው አልከፍትም አሉ፤ ገመዱም አልወጣም አለ።

ምንታምር በክበቡ አጥር በኩል ስታልፍ ባሮክ አንዱን እንቆቅልሽ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ሰማች። ልጆቹ መልሱን ካወቁት ቆይተዋል። አራቱ በሩ ጋ ደርሰው ወደ ውጭ ያያሉ። ዛሬ ቃሏን ካጠፈች ሁለተኛ ማንም አያምናትም። ክበቡ የሚዘጋው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ አራት ሰዓት ደግሞ አልፏል።

ከአጥሩ ጀርባ ቲቸር የሺመቤት ይኖራሉ፤ አርባ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አንድ ትንሽ ጫማ በእጃቸው ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

«ቲቸር፣ አቶ ጥሩነህ አልፈርምም አሉ፤ እትዬ አልጋነሽ አልጽፍም አሉ፤ ጋሽ ደምሰው አልከፍትም አሉ፤ ገመዱም አልወጣም አለ። አጠገቤ ይቁሙልኝ።»

«ልቆም ደስ ይለኛል» አሉ። «ግን የልጅ ልጄን ለማን ልተዋት? እናቷ ሥራ ናት። ሶልያና ጫማ አላደርግም ብላ አልጋ ሥር ገብታለች። እሷ ጫማ ካላደረገች እኔ ከቤት አልወጣም።»

ሶልያና ጫማ አላደርግም አለች፤ ቲቸር የሺመቤት ከቤት አልወጣም አሉ፤ አቶ ጥሩነህ አልፈርምም አሉ፤ እትዬ አልጋነሽ አልጽፍም አሉ፤ ጋሽ ደምሰው አልከፍትም አሉ፤ ገመዱም አልወጣም አለ። የዚህ ሁሉ ማሰሪያ እንግዲህ የስድስት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ምንታምር ተንበርክካ አልጋው ሥር አየች። ሁለት ዓይኖች መልሰው አዩዋት።

«ሶልዬ፣ ነይ ክበብ እንሂድ።»

«አልሄድም። እዚያ ቁጭ በሉ ነው።»

«ማን ነው ቁጭ በሉ የሚላችሁ?»

«አንቺ ነሻ» አለች ሶልያና። «ዝም በሉም ትያለሽ።»

ምንታምር ጠዋት ሙሉ አልከፍትም ያሏትን፣ አልጽፍም ያሏትን፣ አልፈርምም ያሏትን ሰዎች በልቧ ስትወቅስ ነበር። ለካስ ለልጆቹ እሷም እንደነሱ ኖራለች። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች።

«እሺ፣ ምን ቢኖር ትመጫለሽ?»

ከአልጋው ሥር «እኔም መሪ ከሆንኩ» የሚል ድምፅ መጣ።

«ምን ትመሪያለሽ?»

«ቆጠራ። እስከ መቶ እችላለሁ።»

«እትዬ አልጋነሽን ልጠይቅልሽ» የሚለው ቃል ምንታምር ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«በቃ፣ ቆጣሪያችን አንቺ ነሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአሁን ጀምሮ።»

ቲቸር የሺመቤት ከበስተጀርባ፣ «ወረቀት አያስፈልጋትም?» አሉ።

«አያስፈልጋትም» አለች ምንታምር።

ያን ጊዜ ሶልያና ከአልጋ ሥር ወጥታ ጫማዋን አደረገች። ሶልያና ጫማ ስታደርግ ቲቸር የሺመቤት ከቤት ወጡ። ቲቸር የሺመቤት ወጥተው ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ፣ ተማሪያቸው የነበሩት አቶ ጥሩነህ ከነአረፋቸው ከወንበሩ ብድግ ብለው ፈረሙ። አቶ ጥሩነህ ሲፈርሙ እትዬ አልጋነሽ ጻፉ። ሦስት አንቀጽ ስለ ወጣቶች ተሳትፎ ጻፉና መጨረሻ ላይ ገመዱን ጠቀሱ። እትዬ አልጋነሽ ሲጽፉ ጋሽ ደምሰው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው ከፈቱ። ጋሽ ደምሰው ሲከፍቱ ገመዱ ከነላስቲኩ ወጣ።

ወጣ እንጂ ከጋሽ ደምሰው እጅ አልወጣም። አንዱን ጫፍ ጨብጠው ግቢው ድረስ ተከትለዋት መጡ።

«በስሜ የተመዘገበ ንብረት ነው» አሉ። «አልለቀውም።»

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። አራቱ ልጆች በሩን አልፈው መንገድ ላይ ቆመዋል።

«አይልቀቁት፤ ያዙሩት» አለች ምንታምር፤ ሌላኛውን ጫፍ ይዛ ወደኋላ ሄደች።

ጋሽ ደምሰው ግራ ቀኝ አዩ። ራዲዮአቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው አዞሩት፤ ገመዱ አቧራውን መታ። አራቱ ልጆች ከመንገድ ተመልሰው ገቡ። ባሮክ ሁሉንም አሰለፋቸው፤ የመጀመሪያዋ ልጅ ዘለለች። ሶልያና ድንጋይ ላይ ወጥታ መቁጠር ጀመረች። ስልሳ ዘጠኝ ካለች በኋላ ሰማንያ አለች። ቲቸር የሺመቤት ሊያርሟት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ምንታምር ክንዷ እየዛለ ነበር፤ ልጆቹ ሲስቁ ስትሰማ ግን በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰደርያዋን ረሳችው።

ልክ አምስት ሰዓት ላይ እትዬ አልጋነሽ ሰዓታቸውን እያዩ ከቢሮ ወጡ።

«ጊዜው አልቋል ልጆች» አሉ።

ገመዱ መዞሩን አላቆመም። ሶልያናም ከድንጋዩ ላይ ሳትዞር፣ «እየቆጠርኩ ነው፤ መዝለል ከፈለጉ ተራ ይያዙ» አለች።

እትዬ አልጋነሽ ወደ ጋሽ ደምሰው አዩ። ጋሽ ደምሰው ገመዱን ያዞራሉ። ወደ ምንታምር አዩ። ምንታምር ወደ ቆጣሪዋ አየች። ሌላ የሚጠይቁት ሰው ሲያጡ፣ እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ከልጆቹ ሁሉ ኋላ ሄደው ተሰለፉ።

የኔ ነገር እዚህ ላይ አበቃ፤ ተረኛ ካለ ይቀጥል።