ኤሊ ያልጨረሰችው መንገድ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ በረቱን ክፈቱልኝ።

ጃርት፣ ጥንቸልና ሚዳቋ ተጣልተው ላይተያዩ ተማማሉ። ከየቤታቸው ወደ ማሳውም፣ ወደ ዋርካውም፣ ወደ ምንጩም ለየራሳቸው መንገድ እንድታወጣላቸው አሮጊቷን ኤሊ ለመኗት፤ እሷ ሆዷን እየጎተተች ያለፈችበት ሣር መንገድ ይሆናልና።

«መንገዴ የማንንም መንገድ እንዳያቋርጥ» አለች ኩሩዋ ጃርት። ሌሎቹም እንዲሁ አሉ።

«እሺ ልጆቼ» አለች ኤሊ፤ ለመከራከር አቅም አልነበራትም።

ስትዞር፣ ስትጠማዘዝ ከርማ ሆዷ ተላጠ። በመጨረሻ የቀረው ጃርትን ከምንጩ የሚያገናኘው መንገድ ብቻ ሆነ። በየት በኩል ብትሞክር ግን የጥንቸል ወይም የሚዳቋ መንገድ ይጋረጥባታል። ደክሟት ጃርት ደጅ ተዘረረች።

«እማማ ኤሊ፣ ጠማኝ እኮ» አለች ጃርት። «እንግዲያው ጥንቸል ውሃ ታምጣልኝ።»

«አንቺን ላለማየት አይደል እንዴ ይህን ሁሉ ሆዴን ያስጎተተችኝ?» አለች ኤሊ።

ጃርት እሾኋን አቁማ ከጥንቸል መንገድ ዳር ቆመች። መንገዱ ከአንድ እርምጃ አይሰፋም፤ ከማዶው ምንጩ ሲንፎለፎል ይሰማል። ኤሊም «ጃርት ትሻገር ይሆን?» እያለች ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም በዳቦ ሳይሆን በውሃ አብሱልኝ።