ምስማር ላይ የዋለው ቱምቢ

አንድ ግንበኛ ነበረ።

የንስሐ ልጄ ወለተ ሐና፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ዘመዶቼ ለታመመው ወንድሜ ጠንቋይ ቤት እንሂድለት ሲሉ እምቢ አልኩ፤ መጽሐፍ ይከለክላል አልኳቸው። አሁን ሁሉም ግትር ይሉኛል። የያዝኩት እምነት ይሁን ግትርነት በምን ልወቅ?» ብለሽኛል። መልሱን ቶሎ ብነግርሽ ቶሎ ትረሺዋለሽ። ስለዚህ ተቀመጪ፤ አስቀድመን የግንበኛውን ነገር እንስማ።

ይህ ግንበኛ ከሌላ አገር መጥቶ ተራራ ወገብ ላይ ባለች መንደር ያገባ ሰው ነበር። ከላይዋ ተራራ ነው፣ ከታችዋ ገደል። ሰውዬው እጁ የተባረከ ነው፤ ገና ድንጋዩን ሳያነሣ የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደሚሆን ያውቃል። አፉ ግን እንደ እጁ አልተባረከም። አንድ ከተናገሩት ሁለት ይመልሳል፤ ሁለት ከተናገሩት ሳምንት ያኮርፋል። ሚስቱ «ከድንጋይ ጋር ሲውል ድንጋዩ ለሰለሰ፣ እሱ ጠጠረ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ያለፈው ክረምት የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አፍስሶ መጻሕፍቱ ረጥበው ነበር። ካህናቱ ብራናውን ቅጠል በቅጠል እየገለጡ በጥላ ሲያደርቁ፣ ከፊሉ ቀለሙ ለቆ ተገኘ። ያየ ሁሉ አለቀሰ። «ሌላ ክረምት ሳይመጣ በድንጋይ ይሠራልን» ተባለና ሥራው ለዚህ ሰው ተሰጠ። ሌላ ክረምት ዝናብ ቢያገኛቸው መጻሕፍቱ እንደማይተርፉ ሁሉም ያውቃል።

በዚያ መንደር ደግሞ አንድ ልማድ ነበረ። ግድግዳ የሚለካው በደጀ ሰላሙ ነው። ደጀ ሰላሙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መግቢያ፣ በአባቶች ዘመን የተሠራ ከየትም የሚታይ ረጅም ግንብ ነው። ቤት የሚሠራ ሁሉ ራቅ ብሎ ይቆምና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ግድግዳ ከእርሱ ጋር ያስተያያል። ከተመሳሰለ እሰይ፤ ካልተመሳሰለ አፍርሶ ይሠራል። ታዲያ ደጀ ሰላሙ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ወደ ገደሉ ጋደል ብሎ ኖሯል። ቤቶቹም ከእርሱ ተምረው ወደ ገደሉ ጋደል ብለዋል። ማንም ግን አላስተዋለም። ሁሉ በአንድነት ካጋደለ ማን ማንን አጋደልክ ይለዋል?

ግንበኛው ከአገሩ ይዞት የመጣ ቱምቢ ነበረው። ቱምቢ ታውቂያለሽ፤ ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ሾጣጣ ብረት ነው። ከግድግዳው አናት ያንጠለጥሉታል። ክሩ ከላይ እስከ ታች ከግድግዳው እኩል ከራቀ ግድግዳው ቀጥ ብሏል፤ ካልሆነ አጋድሏል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ቱምቢ ሰው አይፈራም፣ ለዘመድም አያደላም።

ዕቃ ቤቱ እስከ ወገብ ሲደርስ አላፊ አግዳሚው «እጅህ ይባረክ» እያለ ያልፍ ነበር። ከሰው ቁመት በላይ ሲወጣ ግን ምርቃቱ ቀረ። ሰዎች ቆም ይላሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀን በመንደሩ የሚከበሩ አንድ ሽማግሌ መጡ። ደጀ ሰላሙን የሠሩት የእኚህ ሽማግሌ አያት ነበሩ። ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አያታቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑና አዩ።

«ልጄ፣ ግድግዳህ ወደ ተራራው አጋድሏል» አሉት።

«ኧረ ቀጥ ያለ ነው፣ አባቴ።»

«ደጀ ሰላሙን እያየህ አይደለም እንዴ የምትሠራው?»

ግንበኛው እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት! በቀስታ ቢያስረዳስ? እሱ ግን «ያጋደለውማ ደጀ ሰላሙ ነው!» አለ። አያታቸውን ከመቃብር አውጥቶ በጥፊ የመታቸው ያህል ሆነባቸው። ሽማግሌው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ወሬው መንደሩን ሞላው። ሚስቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እያዩዋት «እንግዳው ሰውዬ የመጻሕፍት መቃብር እየሠራ ነው» ተባባሉ። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ቀድታ ተመለሰች። ግንበኛው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። በዚያ ሳምንት ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ ድንጋዩን እየወረወረ ማለት ይቻላል፣ የኋላውን ማዕዘን አነሣው። ሚስቱ ምሳ ይዛለት መጥታ፦

«ቱምቢህ እቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ዋለኮ፤ ረስተኸው ነው?» አለችው።

«አልረሳሁትም። ዓይኔ ራሱ ቱምቢ ነው! ልክ መሆኔን አሳያቸዋለሁ» አለ።

እሷም ምሳውን አስቀምጣ፣ ማዕዘኑን አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችና ተመለሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቅጥሩ ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌው ተነሡ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል ያገራችን ሰው። እኛ መክረናል። ነገ ጠዋት ግድግዳውን አፍርሰህ በደጀ ሰላሙ ልክ ካልጀመርክ እኛው እናፈርሰዋለን። አንተም ከእንግዲህ በዚህ አገር ድንጋይ አታነሣም» አሉ። ከተራራው ጀርባ ደመና መቋጠር ጀምሮ ነበር። ሁሉ ከፈረሰ ክረምቱ ሳይገባ ተመልሶ እንደማይቆም፣ መጻሕፍቱም ዳግመኛ ለዝናብ እንደሚጋለጡ ግንበኛው ያውቃል።

«የፈለጋችሁትን በሉ፤ እውነት ከእኔ ጋር ናት!» ብሎ ጥሏቸው ሄደ።

ቤቱ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቆጣኝ» አለች።

«ተናገሪ።»

«አንተ ልክ ነኝ ትላለህ። እነሱም ልክ ነን ይላሉ። እነሱ ዓይናቸውን ያምናሉ፤ አንተም ዓይንህን ማመን ጀምረሃል። ታዲያ አንተ ከእነሱ በምን ተሻልክ? ያ ምስማር ላይ ያለው ምን ይላል?»

ግንበኛው ቀና ብሎ ቱምቢውን አየው። ተነሥቶ ሊያወርደው አለና መልሶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። ፈርቷል። ከሽማግሌው ይልቅ፣ ከመንደሩም ይልቅ፣ ቱምቢውን ፈርቷል። የኋላው ማዕዘን በንዴት የተሠራ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለ ቱምቢው እየተጣላ ቱምቢውን ከሸሸ ሰነባብቷል።

«የኋላውን በዓይኔ ነው የሠራሁት» አላት በዝግታ።

«አውቃለሁ» አለች ሚስቱ። «ምሳህን ያመጣሁልህ ዕለት አይቼዋለሁ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ይናገርሃል?» አለችው። ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። ከስንት ቀን በኋላ መጀመሪያ የሳቀው ያን ጊዜ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት መንደርተኛው ዶማና መዶሻ ይዞ ሲመጣ ግንበኛውን ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኙት። ሊደባደብ የቆመ መስሏቸው ነበር። እሱ ግን ወደ ሽማግሌው ሄዶ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ቱምቢውን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«አባቴ፣ ስለ አያትዎ የተናገርኩት ብልግና ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ግን እርስዎ ይያዙት። እርስዎ በወደዱት በኩል ያውርዱት፤ ክሩ ከግድግዳው እኩል ከወረደ ቀጥ ብሏል። አጋድሏል ያለውን እኔው በእጄ አፈርሳለሁ፤ ቀጥ ብሏል ያለውን ግን ማንም አይንካብኝ።»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ይህን ሰው ሲገዳደር እንጂ ሲለማመጥ አይተውት አያውቁም። እንግዲህ መሰላሉን ወጡና በፊት ለፊቱ አወረዱት። ብረቱ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ቆመ። ክሩ ከላይ እስከ ታች ከግድግዳው እኩል ነው። በግራ አወረዱት፤ እኩል ነው። በቀኝም እንዲሁ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ወደ ኋላው ማዕዘን ሲዞሩ ግንበኛው ራሱ መሰላሉን ያዘላቸው። ብረቱ ሲቆም ክሩ ከላይ ግድግዳውን ነክቶ ከታች እጅግ ርቆ ታየ።

ግንበኛው ወዲያው መዶሻውን አነሣና የራሱን ማዕዘን ማፍረስ ጀመረ። ያፍራል ብለው ሲጠብቁ ፊቱ ፈካ። በእርግጥም ደስ ብሎት ነበር። ስንት ቀን ሙሉ ልክ ነኝ እያለ ራሱን ተሸክሞ ሲዞር ደክሞት ኖሯል። አሁን ልክ የሚሆንለት ቱምቢው አለ፤ እሱ ልክ ባይሆን ሰማይ አይወድቅም፣ ያጋደለውን አፍርሶ ይሠራል እንጂ። ትከሻው ቀለለው።

ሽማግሌው ቆመው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ቱምቢውን ይዘው ወደ ደጀ ሰላሙ ሄዱ። ሕዝቡ ተከተላቸው። ግንበኛው «አባቴ፣ ግድ የለም፣ ይቅር» ቢልም አልሰሙትም። መሰላል አስደግፈው ከአናቱ አወረዱት። ክሩ ከግንቡ አናት ወደ ገደሉ በኩል ወረደ፤ ላይኛው ግንብ አጋድሏል። የሽማግሌው ፊት ዐመድ መሰለ። ጥቂት ቆይተው ግን ከመሰላሉ ወረድ አሉና ክሩን ከታችኛው ግንብ ላይ ያዙት። ትልልቅ የጥንት ድንጋይ ያለበት፣ አያታቸው በእጃቸው ያስቀመጡት ክፍል ነው። ብረቱ ቆመ። ከግንቡ እኩል ነው፤ ፀጉር ታህል አላጋደለም።

«አያቴ በቱምቢ ነው የሠሩት!» አሉ ሽማግሌው። «የላዩ ሲናድ በዓይናችን የጠገንነው እኛ ነን። ስንጠግነው አጣመምነው፤ ከዚያ በጠማማው ቤታችንን ሁሉ ለካንበት። ስሙ ግን የእሳቸው ሆኖ ቀረ። እሰይ! አያቴ አላሳፈሩኝም!» እያሉ አለቀሱም ሳቁም።

የዚያኑ ዕለት የመጣው ዶማ ሁሉ ለማፍረስ ሳይሆን ጭቃ ለማቡካት ዋለ። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው። ማዕዘኑ በቱምቢ ተነሣ፣ ጣራው ተከደነ፣ ካህናቱ መጻሕፍቱን በእልልታ አስገቡ። ዝናቡ ሲመጣ ገደሉን እያስተጋባ መጣ። ግንበኛው ውስጥ ገብቶ እጁን በግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች አሳለፈው። ደረቅ ነበር።

እንግዲህ፣ ወለተ ሐና፣ ወዳንቺ ልምጣ። ቱምቢው መጽሐፍ ነው። ግንበኛው አንቺ ነሽ፣ እኔም ነኝ። አማኝና ግትር ሰው ሩቅ ሆኖ ላያቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም እምቢ ይላሉ፣ ሁለቱም ብቻቸውን ይቆማሉ። የሚለዩት ቱምቢው ሲመጣ ነው። ግትር ሰው በሌላው ግድግዳ ላይ ያወርደዋል፣ በራሱ ሲሆን ግን ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። አማኝ መጀመሪያ በራሱ ላይ ያወርደዋል፤ ያጋደለበትን ለማፍረስም አያፍርም።

አሁን ባንቺ ላይ እናውርደው። ጠንቋይ ቤት አንሄድም ያልሽው ቀጥ ያለ ነው። እሱን ማንም አያስፈርስሽ፤ ድፍን ዘመድ አዝማድ ቢነሣ ጸንተሽ ቁሚ። የኋላውን ማዕዘንስ? ከተጣላችሁ ወዲህ ወንድምሽን ሄደሽ አይተሽዋል? ያው መጽሐፍ ጠንቋይን በከለከለበት አፉ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ይላልኮ።

አየሽ፣ ዓይንሽ እንባ አቀረረ። አይዞሽ ልጄ፣ ይህ የምሥራች ነው። አንድ ማዕዘን ብቻ ነው ያጋደለው፤ ቤቱ ቆሟል። ሂጂ፤ ወንድምሽ ሳይመሽበት ድረሺለት።