ተማሪዎቹ የቀቀሉት መድኃኒት

«አንድ መድኃኒት አዋቂ ነበረ» ብለው ጀመሩ የኔታ ልሣነወርቅ። ወይዘሮ ዘርትሁን ከአባታቸው የወረሱትን የቅጠልና የሥር ሙያ ለኮሌጅ ተማሪዎች እንዲያስተምሩ ተጠርተው፣ «እሺ ልበል ወይስ እምቢ? መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል ይሉ የለ?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር።

ይህ ሰው የሆድ ቁርጠት በማዳን የታወቀ ነበር። መድኃኒቱ ወንዝ ዳር የሚበቅል የአንድ ተክል ሥር ነው። ያሳየው አባቱ ነበር፤ እሱ ግን ለማንም አላሳየም። ሊቆፍር ሲሄድ ሰው እንዳይከተለው ሦስት መንገድ እየቀያየረ ነበር የሚደርሰው። ሚስቱ እንኳ ተወቅጦ ዱቄት ሲሆን ታየዋለች እንጂ አረንጓዴውን አታውቀውም።

አንድ ቀን ከከተማው ኮሌጅ አንዲት መምህርት መጣች። «አባባ፣ ተማሪዎቼ የሩቅ አገሩን ዕፅ በመጽሐፍ ያውቁታል፤ ደጃቸው የበቀለውን ግን አያውቁም። መጥተው ያስተምሩልኝ» አለችው። ሰውየው ክብሩ ደስ አለው፤ ለምስጢሩ ግን ሳሳ። ቢሆንም ሄደ።

ነጭ ጋዋን የለበሱ ሃያ ተማሪዎች ከበቡት። ስለ ጤና አዳም፣ ስለ ዳማ ከሴ፣ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ቅጠል በደስታ አስረዳቸው። በመጨረሻ ይታይሽ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣችና «የቁርጠቱንስ አባባ?» አለችው። ጥቂት አሰበ። ከዚያ ቅጠሉ ያንኑ የሚመስል፣ የማይጎዳ፣ የማይጠቅምም፣ ብቻ እንደ ሬት የሚመር ሌላ ተክል አሳያቸው። «ይኸው። ሥሩን ቀቅሎ መጠጣት ነው» አለ። ተማሪዎቹ አመኑት። ሣሉት፣ ፎቶ አነሡት፣ በግቢው አትክልት ቦታ ተክለው ውኃ አጠጡት።

በዓመቱ ደግሞ ጠሩት። ያን ዕለት ምሳው አልተስማማውም መሰለኝ፣ ቆሞ ሲያስተምር ቁርጠት ሆዱን እጥፍ አድርጎ ያዘው። ዱቄቱን ቤቱ ትቶት መጥቷል። መምህርቷ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው መኪና ፍለጋ ሮጠች፤ ተማሪዎቹ ወደ አትክልት ቦታው ሮጡ። ብዙም ሳይቆይ ይታይሽ የሚጨስ ብርጭቆ ይዛ ከፊቱ ቆመች።

«አባባ፣ ልክ እንዳስተማሩን ነው የቀቀልነው። ይጠጡ።»

ሰውየው ብርጭቆውን አየ። ሃያ ሰው ያየዋል። ምን ይበል? ጠጣው። ከምሬቱ የተነሣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሻል አለዎት?»

«እ... ትንሽ።»

«እንግዲያው ይድገሙ!» ብላ ሞላችለት። ሁለተኛውንም እንደምንም ጨለጠ። ቁርጠቱ ግን እንዳለ ነው። ይታይሽ ሦስተኛውን እየቀዳች፣ «አይዞዎት አባባ፣ ይታገሡት። እናቴም ዓመት ሙሉ ጠጥታው እስካሁን አልተሻላትም፤ ግን የእርስዎ መድኃኒት ስለሆነ አላቋርጥም ብላለች» አለችው።

ይህን ሲሰማ የሆዱን ሕመም ረሳው። ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። «ልጆቼ፣ ዋሽቻችኋለሁ። መድኃኒቱ ይህ አይደለም» አለ።

 ይታይሽ «እናቴ እኮ አምናዎት ነበር» አለች። ሰውየው አቀረቀረ።

ሐኪም ቤት ወስደውት ዳነ። በማግሥቱ ማንም ሳይጠይቀው ተማሪዎቹን ሁሉ አስከትሎ፣ መንገድ ሳይቀያይር፣ ቀጥ ብሎ ወንዝ ዳር ወረደ። ተክሉን እየነካ አሳያቸው። ከቆፈረው ሁሉ የተረፈው አራት እግር ብቻ ነበር። ይታይሽ ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «ሥሩን ሲነቅሉት ይሞታል። ዘሩን ዘርተውት ያውቃሉ?» አለችው። አያውቅም። ለማንም ነግሮ ስለማያውቅ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰውም አልነበረም። ተማሪዎቹ ዘሩን ለቀሙና በግቢያቸው ዘሩት፤ እሱም በቀለ።

ለይታይሽ እናት መድኃኒቱን በገዛ እጁ ቀቅሎ ወሰደላት። ሴትየዋ ብርጭቆውን መለሰችለትና፣ «መጀመሪያ ራስህ ቅመስልኝ» አለችው። እየሣቀ ቀመሰ፤ እሷም እየሣቀች ጠጣች። በሳምንቱ ቁርጠቱ ለቀቃት።

የኔታ እዚህ ላይ ወደ ወይዘሮ ዘርትሁን ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሲነገር ይረክሳል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። የዚያ ሰው ሥር ለሃያ ሰው ተነግሮ ሴትየዋን አዳነ። ሳይነገር በነበረ ጊዜ ግን አራት እግር ቀርቶት ነበር። አዋቂው አንቺ ነሽ፤ ነጭ ጋዋን የለበሱትም እነዚያ የሚጠብቁሽ ልጆች ናቸው። ስትሄጂ እውነተኛውን ይዘሽ ሂጂ። ግማሹን ልትደብቂ ከሆነ ግን ቤትሽ ተቀመጪ። ልጆቹ ያምኑሻል፤ የነገርሻቸውንም ወስደው ለእናቶቻቸው ነው የሚያጠጡት።»