የጥጃ ጠባቂዋ አንጓች

ዱሮ ነው ልጆቼ፤ የአያቴ አያት እንኳ «ዱሮ» እያሉ የሚያወሩት ዱሮ። ውርጭ አፋፍ በሚባል የደጋ መንደር አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬት የላትም፤ ላም የላትም። ሥራዋ የመንደሩን ጥጆች በአንድ ጋጣ ማሳደር ነበር። «የጥጃ ሞግዚት» እያሉ ይቀልዱባታል። ግን ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትከለክላለች፤ ወተት የቀረበት ሕፃን ደግሞ የዚያን አገር ክረምት አይወጣም። የመንደሩ ነፍስ በእሷ ጋጣ ነበር።

አንድ ክረምት የአገሩ ገዥ፣ መንደሬው እንዲቀልብለት ፈረሶቹን አከፋፈለ። ለውርጭ አፋፍ አንድ ጉልበተኛ ዳማ ፈረስ ደረሰ። ሰፊው ጋጣ የአንጓች ነውና እዚያው አስገቡት።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥጃ በፈረሱ ኋላ አለፈ። ፈረሱ ረገጠው፤ ሞተ። የባለ ጥጃው ሕፃን ልጅም ወር ሳይሞላው ተከተለ። አንጓች አለቀሰች። ለቅሶ ጥጃ አይመልስም። የጠፍር አልጋዋን ፈትታ፣ ረጅሙን እንጨት በፈረሱና በጥጆቹ መካከል አጋደመች። ከዚያ ወዲያ መሬት ላይ ተኛች።

ሁለተኛው ጥፋት በገብስ መጣ። የፈረሱ ገብስ ሸትቶት አንድ ጥጃ በእንጨቱ ሥር ሾለከ። ፈረስ ሲበላ የሚጠጋውን አይወድም፤ ማጅራቱን ነክሶ ጣለው። ጥጃው ሦስት ቀን አቃስቶ ሞተ። አንጓች የሟች ባሏን ሞፈር አወጣች። በየዓመቱ ቅቤ እየቀባች ያስቀመጠችውን ሞፈር ከታች አጋደመች። ገብሱንም ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዞረች። ክረምቱ እስኪጋመስ ሌላ ጥጃ አልሞተም።

ሦስተኛው መከራ ከሰው መጣ፤ ከእንስሳ የመጣው ይሻል ነበር። የገዥው ፈረሶች አለቃ፣ ባልደራስ ቢተው፣ ፈረሱን ሊያይ መጣ። እንጨቶቹን አየ።

«የጌታዬ ፈረስ እንደ እስረኛ ይታጠራል?»

«ጌታው፣ ፈረሱ ክፉ አይደለም» አለች አንጓች። «ከኋላው የሚመጣበት ያስደነግጠዋል እንጂ። እኔን ይምቱኝ፣ እንጨቱን ይተዉልኝ።»

«ዞር በይ፣ አንቺ አሮጊት!»

እሷንም መታ፤ እንጨቱንም አልተወ። አልጋዋንና የባሏን ሞፈር ሰባብሮ እሳት ሞቀበት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ጥጆቹ እንደ ገቡ በረዶ ወረደ። ነጎድጓዱ ጣራውን አናጋው። ፈረሱ አበደ። ጥጆቹም ደንግጠው ወደ እሱ ተጋፉ። አንጓች ሦስተኛ እንጨት አልነበራትም። እጆቿን ዘርግታ መካከል ቆመች።

በረዶው ሲያባራ ሰዎች መጡ። ዐሥራ አንዱም ጥጆች በሕይወት ነበሩ። አንጓች ደረቷ ተሰብሮ እግራቸው ሥር ወድቃለች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር በፈረስና በጥጃ መካከል የሚጋደመው እንጨት ስሙ አንጓች ነው። ጋጣ ሲዘጋ አንዱ «አንጓች ገብታለች?» ይላል፤ ሌላው እንጨቱን በእጁ ዳስሶ «ገብታለች» ይላል።

እኔም በጎረምሳነቴ አንድ ቀን፣ ለሠርግ ጭፈራ ቸኩዬ፣ ሳልዳስስ «ገብታለች» አልሁ። በማግስቱ አባቴ የሞተችውን ጥጃ እየጎተተ አወጣት። አልመታኝም፤ ምነው በመታኝ! «ሴትዮዋን ዳግመኛ ገደልካት» አለኝ። እስኪሞት ድረስ ጋጣውን ራሱ ዘጋ፤ አንድም ቀን እኔን አልጠየቀኝም።