ሕፃኗን ማን ይሰይማት?

በአንድ ወቅት፣ ደራሽ ውሃ ድልድዩን ጠርጎ በወሰደበት ክረምት፣ አንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ብርቱ ትኩሳት ገባባት። ትኩሳቱ ወንድ ሴት ሳይል ይይዛል፤ የሚገድለው ግን አብዛኛውን ወንዶቹን ነበር።

ከታመሙት መካከል ማንያዘዋልና ውቢት የሚባሉ መንትዮች ነበሩ። እሱ ጀልባ ሠሪ ነው፣ እሷ ልብስ ሰፊ። ባንድ ቀን ታመው ባንድ ጋሪ ሆስፒታል ገቡ። ውቢት እንደ እሳት ነደደች፣ ቃዠች፣ ከዚያ ላብ አጠመቃትና ትኩሳቱ ለቀቃት። የማንያዘዋል ትኩሳት ለስለስ ያለ ስለነበር ሰው ሁሉ እሱ ይሻለዋል ብሎ ነበር። እሱ ግን ከቀን ወደ ቀን እየመነመነ ሄደ። ሚስቱ ይታይሽ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር።

የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ሐረገወይን ናት። መድኃኒቱ እያለቀባት ነው፤ ድልድዩ እስኪሠራ ደግሞ ሌላ አይመጣም። መመሪያው ለወንድም ለሴትም እኩል ስጡ ይላል። እሷ ግን ሴቶቹ በሽታውን ድል ከነሡ በኋላ መድኃኒቱ ራሱ ሲጥላቸው አየች፤ ያስመልሳቸዋል፣ ዓይናቸውም ቢጫ ይሆናል። የሴቶቹ ሰውነት በሽታውን ቶሎ ለይቶ አጥብቆ ስለሚመታ ግማሹ መድኃኒት ይበቃቸዋል ብላ አመነች። የሚተርፈውን ለወንዶቹ ልትሰጥ ቆረጠች። ባልደረቦቿ አንዲት ሴት ብትሞት እስር ቤት እንደምትገባ አስጠነቀቋት።

«አውቃለሁ» አለች። «ውሳኔው የእኔ ነው፤ ተጠያቂዋም እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ግን እምቢ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከወንድ የተረፈውን ሲበሉ ኖረው ዛሬ መድኃኒቱም ለወንድ ሊተርፍ ነው ብለው ተቆጡ። ማን ይፈርድባቸዋል? ዶክተሯ ብታስረዳም የሚሰማት አላገኘች።

ከመካከላቸው ዓሣ በመነገድ ልጆቿን ያሳደገች ወይዘሮ አጸደ የምትባል ባልቴት ነበረች። ማንያዘዋልን አታውቀውም። ሙሉውን መድኃኒት አንድ ጊዜ ቀምሳ አንጀቷ እስኪገለበጥ አስመልሷታል። ዶክተሯን አስጠርታ፣ ግማሹ ባይበቃኝ ከአጠገቤ ትሆኛለሽ ወይ ስትል ጠየቀቻት። ዶክተሯም አልለይዎትም አለቻት።

«እንግዲያው ግማሹን ስጪኝ» አለች አጸደ። «ሰው ሁሉ ሌላ ሰው ሲሞክረው ማየት ነው የፈለገው።»

ወሰደች። ብርድ ብርድ አላት፣ ተንቀጠቀጠች፤ ወደ መዳን ይሁን ወደ ሞት የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ ግን ዓይኗ ቢጫ ሳይሆን ተነሥታ ተቀመጠች። ይህን ያዩት ሴቶች ሁሉ ተከተሏት። በዚህ ሁኔታ የተረፈው መድኃኒት ለማንያዘዋል ደረሰ።

መድኃኒቱ ሞትን አቆመለት እንጂ በሽታውን አላስወጣለትም፤ ሰውነቱ ለመዋጋት ዘግይቷል። ዶክተሯ አሁን ወደ ውቢት ሄደች። የውቢት ትኩሳት ቢለቃትም ጣቶቿ አብጠው ነበር። ዶክተሯ፣ ሰውነትሽ ጠላቱን ካባረረ በኋላም ዱላውን አላስቀመጠም፤ አሁን የሚመታው ያንቺኑ መገጣጠሚያ ነው አለቻት። ይህን የሚያበርድ መድኃኒት አለ። ያንን ከጀመረች ግን ለወንድሟ ደም መስጠት አትችልም፤ ወንድሟን ሊያድነው የሚችለው ደግሞ በሽታውን መዋጋት የለመደው የእሷ ደም ነው። ያንን መድኃኒት ካዘገየች ደግሞ ጣቶቿ ላይመለሱ ይችላሉ።

ውቢት ጣቶቿን አየቻቸው። ልብስ ሰፍታ የምትበላው በእነሱ ነው።

«መጀመሪያ እሱ» አለች።

ደሟን ሰጠች። ማንያዘዋል ዳነ። የእሷ ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ፤ ዛሬ ጨርቅ ትለካለች፣ መርፌውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው።

ድልድዩ በተሠራ ጊዜ ይታይሽ ሴት ልጅ ወለደች። በዚያች ከተማ ለሕፃን ስም የምታወጣ ሴት እንደ ሁለተኛ እናት ትቆጠራለች፤ ልጁ ሲዳር ከወላጆቹ ጎን ትቀመጣለች። ማንያዘዋል ለሰው ሁሉ፣ ልጄን የምትሰይመው እኔን ያዳነችኝ ናት ብሎ ተናገረ። ሦስቱም ሴቶች መጡ፣ ሦስቱም ስም ይዘው ነበር። ዶክተር ሐረገወይን ሚዛን ትባል አለች። ወይዘሮ አጸደ ፋና፣ ውቢት ደግሞ ቤዛ አለች።

ጎረቤቱ ተከፋፈለ። ለዶክተሯ የቆሙት ሐሳቡ ከእሷ ባይመጣ ሁሉም ከንቱ ነበር አሉ፤ ሌሎቹ፣ ማከም ሥራዋ አይደለም ወይ ብለው መለሱ፤ ራስን ለእስር ማጋለጥ ግን የማንም ሐኪም ሥራ አይደለም ተባለ። አጸደ ምንም ለማይዘመዳት ሰው መንገድ ከፈተች ተባለ፤ የሸሸችው ከማስመለሱ ነው እንጂ ለእሱ ብላ መች ሞከረችው ያሉም አሉ። ውቢት የሚታይ ዋጋ ከፈለች፤ ግን ለመንትያ ወንድም ይህ ውለታ ነው ወይስ ግዴታ? ማንያዘዋልም ሕፃኗን ታቅፎ ሦስቱን በየተራ አየ፤ መምረጥም አቃተው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ያየችው፣ የደፈረችው ወይስ የከፈለችው፤ ሕፃኗን ልትሰይም የሚገባት የትኛዋ ናት?